መጋቢት ነው ወይስ ኅዳር? የአንዲት ስም የለሽ ተርብ ጉዳይ

ጅማ ማታ በረንዳ ላይ አምፖል አብርቶ የተቀመጠ ሰው ያውቃታል። ቀጠን፣ ረዘም ያለች፣ የበሰለ ብርቱካን የመሰለች ተርብ ናት። እግሮቿን አንጠልጥላ አምፖሉን ትዞራለች። ሆዷ ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት የተጨመቀ ይመስላል። ልጆች «ትናደፋለች!» ብለው ይሸሿታል። አልተሳሳቱም፣ ሴቷ በእጅ ከተያዘች ትወጋለች። ለይቶ ስም ያወጣላት ሰው ግን አላጋጠመኝም። «ተርብ» ይላታል፣ በጋዜጣ ያባርራታል፣ ቡናውን ይቀጥላል።

ይህ ጽሑፍ የአንዷ ዓይነት ታሪክ ነው። ሰባት ናሙናና አንዲት ጥፍር የምታክል ወረቀት። ወረቀቷ ላይ 12.3.74 ይላል። እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ዓመታችንን በልተውብናል።

መጀመሪያ ተርቧን ላስተዋውቃችሁ። ወገኗ ኢኒኮስፒለስ ይባላል። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው ከ700 በላይ ዝርያዎች አሉት። ኑሯቸው ተመሳሳይ ነው። ሴቷ አባጨጓሬ ፈልጋ እንቁላሏን ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ከውስጥ እየበላ ያድጋል። አባጨጓሬው የእሳት እራት ይሆናል ሲባል ተርብ ይወጣዋል። ገበሬ ጠጋ ብሎ ቢያውቃት ይመርቃት ነበር። የምትንቀሳቀሰው በሌሊት ስለሆነ አናቷ ላይ ያሉት ሦስት ትንንሽ ዓይኖች ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው፤ ከትልልቆቹ ዓይኖች ጋር ሊነካኩ ምንም አይቀራቸውም።

በቀለም ብቻ ዝርያን ከዝርያ ልለይ ያለ ሰው ይሞኛል። ዋናው ነገር ያለው ክንፏ ላይ ነው። የፊት ክንፏን ማይክሮስኮፕ ሥር ስታደርጉት መሃሉ ላይ ጸጉር የሌለበት፣ መስኮት የመሰለ ባዶ ቦታ ታያላችሁ። መስኮቱ ውስጥ እንደ ቢራ ጠርሙስ ስባሪ ቡናማ የሆኑ ጠጣር ቅንጣቶች ተቀምጠዋል። አንዱ ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ሞላላ። ቁጥራቸውም ቅርጻቸውም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አንዳንዷ ጭራሽ የላትም። የኛዋ ሁለት አላት። ሁለተኛው የተልባ ፍሬ ይመስላል፣ ሹል ጫፉም ወደ ክንፉ ሥር ዞሯል። ከዚያ በፊት ባየነው ክንፍ ላይ እንዲህ ያለ ተልባ አልነበረም።

ያገኘናት መሳቢያ ውስጥ ነው። ጅማ ውስጥ የአንድ ተቋም የነፍሳት ስብስብ ያለበት ክፍል አለ። ተቋሙን አልጠራውም፤ ክፍሉን ሙዚየም ብሎ መጥራትም ማጋነን ይሆናል። አራት የእንጨት ቁም ሳጥን፣ የናፍታሊን ሽታ፣ አንድ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ጠረጴዛ። አንድ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ዕቃው ኮሪደር ላይ ወጣ። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ መክፈት የጀመርነው ያኔ ነው። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ውስጡ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተውም። ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ የሚሻግትበት ከተማ ነው፣ ተርብ እንዴት ይተርፋል? ግማሹ ነጭ ጥጥ ለብሷል። ከአንዳንዱ የቀረው ስፒሉና ወረቀቱ ብቻ ነው፣ ሌላውን ነቀዝ ጨርሶታል።

አዲስ ዝርያ ሲባል ሰው መረብ ይዞ ጫካ ለጫካ የሚሮጥ ተመራማሪ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ግን አንድ አዲስ ዝርያ ከተሰበሰበበት ቀን ጀምሮ ስሙ እስኪታተም በአማካይ 21 ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደሚቆይ አስልቷል። የኛዋ ከ40 አልፏታል።

ናሙናዎቹ ስምንት ነበሩ። ስምንተኛዋን ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ሻጋታውን ለማጽዳት በቀጭን ብሩሽ አልኮል ነካ ነካ አደርጋለሁ። ክንፏ ሲጠራ ደስ አለኝ። ወደ ታች ሳይ ጠብታው በስፒሉ ወርዶ ወረቀቷን አርሷታል። ቀለሙ እንደ ሻይ ፈሷል። ተርቧ ሙሉ ናት፤ ስድስት እግር፣ አራት ክንፍ፣ ሁለት አንቴና። ከየትና መቼ እንደመጣች ግን ከእንግዲህ ማንም አያውቅም። በዚህ ሥራ ወረቀት የሌላት ተርብ ሬሳ ብቻ ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብሩሽ ከመንካታችን በፊት ወረቀቱን በስልክ ፎቶ እናነሳለን። ያን ዕለት ማታ እራት አልበላሁም፣ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ጓደኛዬ ተልባውን እንዳየ «አዲስ ናት!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ለእናቴ ደወልኩ። ሁለታችንም ቸኩለናል።

አዲስ ናት ለማለት ከአዲሷ ይልቅ የድሮዎቹን ማየት ይጠይቃል። የእንስሳት ስም አወጣጥ እ.ኤ.አ. ከ1758ቱ የሊኒየስ መጽሐፍ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ በደንቡ የታተመ ስም ሁሉ ቀድሞ ከወጣ ቀዳሚ ነው። ስሙ አንድ ናሙና ላይ ይታሰራል፣ እንደ በግ ከግንድ ጋር። ያቺ ናሙና ሆሎታይፕ ትባላለች፤ በልማድ ቀይ ወረቀት ይደረግላታል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ደግሞ ስሙን የምትሸከመው ናሙና የትኛዋ እንደሆነች በግልጽ ያልተናገረ የዝርያ ስም አይጸናም። ችግሩ ግንዱ ያለው ሩቅ መሆኑ ነው። የአፍሪካ ተርቦች ሆሎታይፕ ብዙው ለንደን ነው፣ ፓሪስ ነው፣ ብራሰልስ አጠገብ ያለችው ተርቩረን ነው።

ከጅማ የሚጀመረው በመጽሐፍ ነው። ጎልድና ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ አፍሪካ ኦፊዮኒኔዎች (የኛዋ ያለችበት ንዑስ ቤተሰብ ነው) ያወጡት ሥራ እስካሁን የማይታለፍ ነው። መጽሐፉ በየደረጃው ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል። ቅንጣቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ። ልክ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ትሄዳላችሁ። የኛዋን ይዘን ስንሄድ በሁለት ምርጫዎች መካከል ቀረን። ይሄም አይደለም፣ ያም አይደለም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም። መንገዱን የሳትነው እኛ ልንሆን እንችላለን።

ቀጣዩ ናሙናዋን ልኮ ማወዳደር ነበር። እዚህ ላይ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የሀገሪቱ የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይደነግጋል። አዋጁ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የግንዱን መራቅ ያመጣውም ያለ ጠያቂ የወጣው ነው። (ይህንኑ አዋጅ እንግሊዝኛው 482/2006 ይለዋል። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።) ስለዚህ ተርቧ ጅማ ቀረች፣ ፎቶዋ ሄደ። የክንፏን ፎቶ በሰላሳ ሁለት ንብርብር አንስተን አዋሃድነው። መብራት እየሄደ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያ ጀምረናል።

መልሱ በሦስት ሳምንት መጣ። የውጭ ሀገር ባለሙያዋ የሆሎታይፖችን ፎቶ አያይዛ ላከችልን። እኛ ሁለት አዲስ ዝርያ አለን ብለን ነበር፤ አንዷ ፈዛዛ፣ አንዷ ሆዷ ጫፉ የጠቆረ። የጠቆረችዋ በአምስት ደቂቃ ሞተች። ከድሮ የምትታወቅ ዝርያ ናት፣ ቀለሟ ከቦታ ቦታ ይቀያየራል። ፈዛዛዋ፣ ባለ ተልባዋ፣ ቆመች።

የጠቆረችዋን ስም አውጥተንላት ቢሆን ኖሮስ? ይህ በትልልቆቹም ይደርሳል። ኤፒሪሳ የሚባሉ እንጨት የሚሰረስሩ ትልልቅ ተርቦች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዲት የአፍሪካ ኤፒሪሳ አዲስ ተብላ ተሰየመች። በ2019 ግን ኡጋንዳ ኪባሌ ደን ውስጥ በድንኳን ወጥመድ የሠራ ቡድን ያቺ ተርብ በ1951 ስም ከወጣላት ጋር አንድ እንደሆነች አሳየ። ስሙ ተሰረዘ። የሚገርመው ቁጥሩ ነው። ከዚያ ጥናት በፊት ኤፒሪሳ ያለችበት ንዑስ ቤተሰብ ተርብ ከመላው የአፍሪካ ሐሩር ክልል የሚታወቀው በ30 ናሙና ብቻ ነበር። ኪባሌ ብቻዋን 456 ሰጠች። በ30 ናሙና ላይ ተመሥርቶ የተሳሳተ ሰው ላይ እኔ አልፈርድም። እኛ ያለን ሰባት ነው።

ስለዚህ ተጨማሪ ናሙና ያስፈልገናል። በዚያ ላይ ከድሮዎቹ እግር ዘረመል ለማንበብ ሞክረን ምንም አልወጣም፤ ትኩስ ይሻላል። የት እንፈልግ? መቼ? ወረቀቷ ትናገራለች፦ ጅማ፣ ከፋ፣ 12.3.74፣ በመብራት። ሁሉም በላቲን ፊደል ነው። የሰብሳቢው ስም ሁለት ፊደል ብቻ።

እኛ ያነበብነው እንደተማርነው ነው። ማርች 12፣ 1974። በኛ መጋቢት 3 ቀን 1966። ከፋ ሲል ደግሞ ቦንጋ በኩል። ነጭ አንሶላ፣ ጄኔሬተር፣ አምፖል ጭነን በቦንጋ መንገድ ወደ በለጠ ደን ወጣን። መጋቢት ዝናቡ የሚጀምርበት፣ ቡና የሚያብብበት ጊዜ ነው። ሽታው ራሱ ያሰክራል። አንሶላው ላይ የማይመጣ ነገር የለም፤ የእሳት እራት፣ ጥንዚዛ፣ ሌሎች ብርቱካንማ ተርቦች። የኛዋ የለችም። በዓመቱ ደግመን ሄድን። አሁንም የለችም። ሁለተኛው ጉዞ ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መኪና ውስጥ አደርን። ጓደኛዬ «ይቺ ዝርያ ጠፍታ ይሆናል» አለ። እኔም ልቤ ተቀብሎት ነበር።

የስብስቡን ቁልፍ የሚይዙ አንድ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ሠራተኛ አሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ቀን ሻይ ይዘው ገቡ። ወረቀቶቹን ለኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺን ቀን እስቲ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ዓይናቸው ከኔ ይሻል እንደሆነ ብዬ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቷን አስጠጉ። «ኅዳር ሚካኤል» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ኅዳር 12 ነዋ። 74 ዓመተ ምሕረት። ኅዳር ሲታጠን። ያን ቀን ጅማ በጭስ ታፍና ነው የምትውለው፣ እንዴት አድርጎ በመብራት እንደያዛት እንጃ።»

ማርች ነው እንጂ ብዬ ተከራከርኩ። ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ በመጋቢት 66 ማን ተርብ ይለቅም ነበር? ተማሪው ሁሉ አደባባይ ነው።» ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። በደርግ ጊዜ ተማሪ ነፍሳት ሰብስቦ፣ በስፒል ሰክቶ፣ ወረቀት ጽፎ ካላስረከበ ውጤት አያገኝም ነበር። ተማሪው ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ ቀኑን ግን ከግድግዳው ላይ ነው የሚያየው። ግድግዳው ላይ ያለው የኛ ካላንደር ነው።

ከፋውም ያው ነው። ያኔ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። «ጅማ፣ ከፋ» ማለት ጅማ ማለት ብቻ ነው። እኛ የዛሬውን የከፋ ዞን ይዘን ሌላ ደን ውስጥ ጭቃ ስንጋፈጥ ከርመናል።

ኅዳር 12 ቀን 1974 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 21፣ 1981 ነው። ቅዳሜ። ከማርች 1974 በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይርቃል። የዓመቱ ልዩነት አንድ ነገር ነው፣ ወቅቱ ግን ሌላ ነው። ኅዳር ቡና ቀልቶ የሚለቀምበት፣ ዝናቡ ያባራበት ጊዜ ነው። አበባና ፍሬ ያህል ተሳስተናል።

የዚያኑ ሰው እጅ ጽሑፍ በየመሳቢያው መፈለግ ጀመርን። ሰባቱን 7 በመሃሉ ይሰርዘዋል፣ በዚያ ይታወቃል። አንድ ጥንዚዛ ሥር 3.13.73 የሚል አገኘን። ጋሼ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል! በዝናብ ሲታጠብ ነው ያገኛት።» አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ማን ነው? በቃ አለቀ አልን።

በኅዳር አንሶላውን ከተማው ዳር ዘረጋን፣ ጅሬን ኮረብታ በኩል፣ አንድ የቡና ግቢ ውስጥ። ጄኔሬተር አላስፈለገም፣ ከባለቤቶቹ ቤት ገመድ ሳብን። እትዬ፣ የግቢው ባለቤት፣ ቡና አፍልተው አብረውን አመሹ። የመጀመሪያው ሌሊት ባዶ። ሁለተኛው ባዶ። በሦስተኛው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ግድም፣ አንሶላው ጠርዝ ላይ አንዲት ፈዛዛ ተርብ አረፈች። ብርጭቆ ደፋሁባት። በእጅ ባትሪ ክንፏን ሳበራው ተልባውን በማጉያ መነጽር አየሁት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ጠጋ ብለው አዩና «ይቺማ በየማታው እዚሁ በረንዳዬ ላይ አይደለች እንዴ!» አሉ። በሁለት ሳምንት ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ያዝን። ወረቀታቸውን እዚያው ጻፍኩ፤ ወሩን በሮማን ቁጥር፣ ዓመቱን በአራት አሃዝ፣ እ.ኤ.አ. የሚል ጨምሬ።

ከትኩሶቹ እግር 658 ፊደል ያላት የዘረመል ቁራጭ ተነበበች። ይህች ቁራጭ ለእንስሳት እንደ ባር ኮድ የምታገለግለው ናት። ካወዳደርናቸው ዘመዶቿ ከማንኛቸውም ጋር አልገጠመችም። ሆሎታይፕ የምትሆነው ግን ከድሮዎቹ አንዷ ናት፣ የኅዳር ሚካኤሏ። ሁለት አንቴናዋ ሙሉ ነው፣ ክንፏ ተዘርግቷል። ከትኩሶቹ አንዷን እንምረጥ ብሎ ጓደኛዬ ተከራክሮ ነበር። ያ ተማሪ ግን ሳይቀድመን አልቀረም፤ ለእሱ የሚገባው ይህ መሰለኝ። ስሙንማ አናውቀውም። ብናውቀውም ስም አወጣጡ ያስቸግራል። ላቲኑ የቤተሰብ ስም ወስዶ ጫፉን ያረባል፤ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። በአባቱ ስም ብንጠራት የተከበሩት አባትየው ናቸው፣ ተርብ ለቅመው የማያውቁ ሰው።

ያወጣንላትን ስም እዚህ አልጽፍም። መግለጫዋ በደንቡ ሳይታተም ስሟ ቀድሞ ቢወጣ ራቁቱን የቀረ ስም ይባላል፣ ዋጋም የለው። ጋሼ እንኳን ጠይቀውኝ በጆሯቸው ነው የነገርኳቸው።

ጽሑፉን ለመጽሔት ላክን። ከሁለቱ ገምጋሚዎች አንዱ ስለ ክንፉ ብዙም አላለም። የያዘው ቀኑን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን ጅማ ላይ የእርሻ ትምህርት አስተምረዋል፤ አሜሪካኖች ደግሞ ወሩን ያስቀድማሉ። ስለዚህ 3.13.73 ማርች 13፣ 1973 ሊሆን አይችልም ወይ? በዚሁ ስሌት 12.3.74 ዲሴምበር 3፣ 1974 ይሆናል። አነበብኩት፣ ተናደድኩ። እንደገና አነበብኩት። ሰውዬው ልክ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ብለን የጨፈርንበት ወረቀት ለአሜሪካዊ ተራ የማርች ቀን ነው።

የዚያው እጅ የጻፈው 21.3.74 የሚል ወረቀት አለን ብለን መለስን፤ 21 ወር ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ ሰውዬው ቀንን ያስቀድማል። (ጋሼ ይህንንም «ኅዳር ጽዮን» ብለውታል። ተማሪው በዓል እየጠበቀ ነው የሚለቅመው ይላሉ።) ገምጋሚው ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ መጠቀም የተለመደ ነው አለ። ይህም ልክ ነው። እኔ ራሴ አደርገዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ጋሼ ደወሉ። ቤተ ክርስቲያን ውለው ሲመለሱ፣ ሰው በሌለበት፣ ማንም ያላዘዛቸውን የበረሮ መሳቢያ ከፍተዋል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አላቸው?»

«የላቸውም፣ ጋሼ። 29 ላይ ያበቃል፣ እሱም በአራት ዓመት አንዴ ነው።»

«እንግዲያው ነይ።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። የደረቀ በረሮ፣ አንድ እግር የጎደለው። ሥሩ ያቺው እጅ፣ መሃሉ የተሰረዘ 7፦ 30.2.75። ጥቅምት 30። ፎቶ አንስቼ ለአዘጋጁ ላክሁት። ከፎቶው ሥር ምንም አልጻፍኩም።